ሁለት ማይክሮን፦ የአንዲት አሮጌ ሪበን ማይክ ጥገና በሐረር

ለምን ይህን ጉዳይ ጻፍኩት

በድሬና በሐረር ብዙ ቤት ውስጥ አሮጌ የድምፅ ዕቃ አለ። ከንጉሡ ዘመን የተረፈ ባለ ቫልቮላ ሬዲዮ፣ ከኪነት ቡድን ዘመን የቀረ አምፕ፣ ባለ ትልቅ ሪል ቴፕ። አብዛኛው በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ሲበላሽ ለሠፈር ሬዲዮ ሠሪ ይሰጣል። ሬዲዮ ወይም አምፕ ከሆነ ችግር የለም፤ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ይሠሩታል። ሪበን ማይክ (ውስጡ ድምፅ የሚቀበል ስስ የብረት ጥብጣብ፣ ሪበን፣ ያለው ማይክ) ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፣ ምክንያቱም የተበላሸው ነገር በዓይን የሚታይ ነው፣ የሚታየው ደግሞ ሰውን ያሳስታል። ሁሉም የተቀደደውን ጥብጣብ አይቶ ወደ እሱ ይሮጣል። ጥብጣቡ ግን ከማይኩ ሁሉ ርካሹ ዕቃ ነው። ውዱና እዚህ አገር መተኪያ የማይገኝለት ማግኔቱና ትራንስፎርመሩ ናቸው፣ እነሱ የሚበላሹት ደግሞ ብዙ ጊዜ በጥገናው ወቅት ነው።

ይህች ማይክ ይህን በደንብ ስለምታሳይ ሥራውን በዝርዝር ላስቀምጠው። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም።

ማይኳና ባለቤቷ

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የሐረር መምህር ናቸው። ማይኳ የሟች ታላቅ ወንድማቸው ነበረች። ወንድምየው በ1970ዎቹ ለኪነት ቡድን ድምፅ ይሠሩ ነበር። ማይኳ ግን ከዚያም በፊት እንደነበረች፣ በጅቡቲ በኩል በባቡር እንደመጣች ይናገራሉ። ስሟ የተጻፈባት ሳህን ወድቃለች። የቀረው እንግሊዝ አገር መሠራቷን የሚናገር ጽሑፍ ብቻ ነው። ቅርጿና ብሎኖቿም የ1950ዎቹን (እ.ኤ.አ.) ይመስላሉ። ክብደቷ የሚገርም ነው፤ ከውስጥ ትልቅ የፈረስ ጫማ ማግኔት አላት።

መምህሩ የሚፈልጉት ነገር ግልጽ ነበር። በጁገል ውስጥ ዚክሪ (የሐረር ሙስሊሞች ሃይማኖታዊ ዜማ) የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ፣ ድምፃቸውን ቀርጾ ማስቀመጥ ይፈልጋሉ። ስልክ ይበቃል ያላቸው ሰው ነበር። እሳቸው ግን «ወንድሜ በዚች ነበር የሚቀርጸው፣ በዚችው ይሁን» አሉ። ክርክር የለም።

ማይኳ ድሬ ወዳለው የጥገና ሱቄ ስትመጣ ሁለት ጊዜ ሞታለች ተብላ ነበር። የመጀመሪያው፣ የእህታቸው ልጅ ድሬዳዋ ውስጥ ለአንድ ሠርግ ወስዷት አዲስ ሚክሰር ላይ ሲሰካት «ጧ» የሚል ድምፅ ሰጥታ ጸጥ ያለች ጊዜ ነው። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ አንድ ሠሪ ከፍቶ ሪበን ቀይሮላት፣ ድምፅ መጣ፣ ግን እንደ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ሩቅና ቀጭን ሆነ። «ማግኔቱ አርጅቷል፣ በቃ» ተባሉ።

ሪበን ማይክ እንዴት እንደሚሠራ

ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። በጠንካራ ማግኔት ሁለት ጫፎች መካከል እጅግ ስስ የሆነ የአሉሚኒየም ጥብጣብ ተወጥሮ ይቆማል፣ ተጨማትሮ፣ እንደ አኮርዲዮን ታጥፎ። ድምፅ ሲመጣ ጥብጣቡ ይንቀሳቀሳል፤ በማግኔት መስክ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ብረት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በቃ፣ ይኸው ነው። በተራው ዳይናሚክ ማይክ ላይ ያለው ድምፅ ተቀባይ ሽፋንና ጥቅል ሽቦ የለም።

ሐሳቡ የመጣው በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከጀርመን ነው፣ ሾትኪና ጌርላክ ከሚባሉ ሲመንስ ውስጥ ከሚሠሩ ሰዎች። በስቱዲዮ እንዲነግሥ ያደረገው ግን አርሲኤ በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ የሚሠራው ሃሪ ኦልሰን ነው፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ። እንግሊዞችም በ1934 ማርኮኒ ለቢቢሲ የሠራውን ዓይነት ‹ኤ› አወጡ። በድሮ ፎቶዎች ላይ ዘፋኝ ወይም ዜና አንባቢ ፊት የምታዩት ያ ትልቅ ጡብ የሚያህል ማይክ ብዙ ጊዜ ሪበን ነው።

ጥብጣቡ ውፍረቱ 2 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር 70 ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ደግሞ ከኦም በታች፣ 0.2 ገደማ ነው፣ የሚያመነጨው ቮልቴጅም ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ውስጥ አንድ ትራንስፎርመር አለ፣ ብዙውን ጊዜ 1 ለ 30 አካባቢ የሚያሳድግ። ይህችን ቁጥር ያዟት፣ ወደፊት ትጠቅመናለች።

ችግሩ ምን ነበር

መጀመሪያ ያየሁት ማይኳን ሳይሆን ገመዱን ነው። የእህታቸው ልጅ ያን የሠርግ ቀን ገመድ አልጣለውም ነበር፣ እግዜር ይስጠው። በቴስተር ሲለካ በሚክሰሩ በኩል ያለው ጃክ ላይ ሦስተኛው እግር ከመጀመሪያው እግር ጋር፣ ማለትም ከሽፋን ሽቦው ጋር፣ ተገናኝቷል። እንዲህ ያለ ገመድ እዚህ በየአዳራሹ ሞልቷል። ለተራ ዳይናሚክ ማይክ ጉዳት የለውም።

አዲሱ ሚክሰር ላይ ግን ለኮንደንሰር ማይክ (ለመሥራት ኤሌክትሪክ ለሚፈልግ የማይክ ዓይነት) የሚላክ 48 ቮልት አለ፣ ፋንተም የሚሉት። ገመዱ ጤነኛ ከሆነ ይህ 48 ቮልት በሁለቱም ሽቦ እኩል ይመጣል፣ በትራንስፎርመሩ ሁለት ጫፍ ላይ እኩል ግፊት ስላለ ምንም ጅረት አያልፍም። ሰው ሁሉ «ፋንተም ሪበን ይገድላል» ይላል፣ ግማሽ እውነት ነው። የሚገድለው ከተበላሸ ገመድ ጋር ሲገናኝ ነው። በዚህ ገመድ አንደኛው ሽቦ 48 ቮልት ይዞ ሌላው ወደ መሬት ተሰክቷል። ሚክሰሩ ውስጥ ያለው ተቃውሞ 6.8 ኪሎ ኦም ነው። 48ን ለ6,800 ስናካፍለው 7 ሚሊ አምፒር ይመጣል። ይህ ጅረት ድንገት ሲገባ በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ሪበኑ 30 እጥፍ ሆኖ ይደርሳል፣ 200 ሚሊ አምፒር ገደማ፣ ለቅጽበት። በጠንካራ ማግኔት ውስጥ ለቆመ የ2 ማይክሮን ጥብጣብ ይህ በጥፊ እንደመመታት ነው። «ጧ» ያ ነበር።

ከዚያ ማይኳን ከፈትን። ሠሪው የተካው ሪበን የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለው ብርማ ወረቀት ነበር። ወረቀት ነው የምላችሁ፣ ከጀርባው ወረቀቱ ሳይላጥ። በእጅ ታጥፎ፣ ጠርዙ በመቀስ ተቆርጦ፣ በአንድ በኩል ማግኔቱን እየነካ። ድምፅ መስጠቱ ራሱ ይገርማል። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ በእጁ ያለውን ተጠቅሟል፣ ማይኳም ቢያንስ ተናግራለች። ደግሞ አንድ ትልቅ ውለታ ውሏል፦ ማግኔቱን አልፈታም። የማግኔቱ ብሎኖች ላይ ያለው የፋብሪካ ቀለም እንዳለ ነው።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? የዚያ ዘመን ማግኔት አልኒኮ ነው፣ የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ። አልኒኮ ከብረት ጫፎቹ ከተለየ፣ ክፍት ሆኖ ከቆየ፣ ኃይሉን ያጣል። እንደገና ማግኔት ለማድረግ ትልቅ መሣሪያ ይፈልጋል፣ እዚህ የለም። ስለዚህ «ማግኔቱ አርጅቷል» የተባለው ከሐቅ የራቀ ነበር። ካቻቢቴ ወደ ክፍተቱ ሲጠጋ የሚስብበት ጉልበት ራሱ ይመሰክራል፣ እጅ ይዞ ይሄዳል።

ከምንም በፊት ትራንስፎርመሩ

ሪበን ከመቁረጥ በፊት ትራንስፎርመሩ ደህና መሆኑን ማወቅ ነበረብን። እሱ ከተቃጠለ ቀሪው ሥራ ከንቱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ቴስተር ኦም ላይ አድርጎ መለካት። ሪበን ተገጥሞ እያለ ይህን ማድረግ አይገባም። ቴስተሩ ራሱ ጅረት ይልካል፣ ጥብጣቡንም ሊገፋው ይችላል። ደግሞ የትራንስፎርመሩ የሪበን በኩል ተቃውሞ ከቴስተሩ ገመድ ተቃውሞ ያነሰ ስለሆነ የሚነበበው ቁጥር ምንም አይነግርም።

ያደረግነው ሌላ ነው። የሲጋራውን ወረቀት አውጥተን የትራንስፎርመሩን ሽቦዎች ነጻ አደረግን። ስልክ ላይ የድምፅ ቃና የሚያወጣ አፕ አለ፣ በ400 ኸርዝ አስተካከልነው። 400 ያልኩት ርካሽ ቴስተር ከዚያ በላይ ተለዋዋጭ ጅረትን በትክክል ስለማይለካ ነው። የስልኩን የማዳመጫ ድምፅ በትራንስፎርመሩ መውጫ በኩል አስገባን፣ በኋላ መንገድ ማለት ነው፣ በሪበን በኩል ደግሞ በሚሊ ቮልት ለካን። ግማሽ ቮልት አካባቢ ገብቶ 16 ሚሊ ቮልት ወጣ። 1 ለ 31 ገደማ። ትራንስፎርመሩ ሕያው ነው። መምህሩ ቁጥሩን ሲያዩ «አቦ! ታዲያ ሞታለች ያለኝ ማነው?» አሉ።

ጽዳቱ

የሥራው ትልቁ ክፍል ይህ ነበር፣ እና ማንም ስለሱ አያወራም።

ክፍተቱ ውስጥ ያለው ማግኔት ቀኑን ሙሉ፣ ለብዙ ዓመት፣ ያገኘውን የብረት ብናኝ ሲስብ ኖሯል። ድሬ ላይ አንድ ጎዳና ላይ ስንት ብየዳ ቤት አለ? የሞረድ ብናኝ፣ የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለ ብረት፣ ሁሉም እዚያ ጠርዝ ላይ እንደ ጢም ቆሟል። በክፍተቱ ጠርዝና በሪበኑ መካከል በእያንዳንዱ ጎን የሚቀረው ከ0.2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። አንዲት ብናኝ ከቆመች ሪበኑ እየታከካት ይንጫጫል። አዲስ ሪበን በቆሸሸ ክፍተት ውስጥ መግጠም ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

መንፋት አይሆንም፣ ብናኙ ማግኔት ላይ ስላለ አይሄድም፤ ቦታ ይቀይራል እንጂ። የሠራልን የልጆች ፕላስቲሊን ነው። በስቴኪኒ ጫፍ ላይ ትንሽ አድርገን፣ ጠርዙን እየጫንን፣ ብናኙ ሲጣበቅ እየጣልን አዲስ እየተካን። ከዚያ ለጥልቁ ጥግ ማጣበቂያ ፕላስተር፣ ሙጫው ወደ ውጭ ሆኖ በስስ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ። አሰልቺ ነው። መምህሩ ግን ወደዱት፣ ለእሳቸው የተማሪ ፈተና ከማረም ይቀላል መሰለኝ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እኔ «በቃ ጸድቷል» ካልኩ በኋላ እንኳ «አይ፣ አንተ ልጅ፣ እዚህ ጋ አንዲት አለች» ይሉ ነበር። ትክክል ነበሩ።

መሣሪያውም ጉዳይ ነው። ብረት ካቻቢቴ እዚህ አካባቢ ጠላት ነው። ማግኔቱ ከእጅ ነጥቆ ክፍተቱ ላይ ይለጥፈዋል፣ ሪበን ካለ በመንገዱ ያጠፋዋል። ለመጨረሻዎቹ ብሎኖች ከነሐስ ዘንግ የተሞረደ ካቻቢቴ ተጠቀምን። ወረንጦው የፕላስቲክ ነው፣ ከመዋቢያ ሱቅ የተገዛ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ነጭ አዲስ ወረቀት፣ ብረት ተሞርዶበት የማያውቅ ቦታ።

ሥራውን ድሬ ከሱቄ አውጥቼ ሐረር የወሰድኩትም ለዚህ ነው። ሱቄ ውስጥ ብናኝ አለ። ከዚያ በላይ ግን ማራገቢያው ነው። ድሬ በሙቀት ጊዜ ማራገቢያ ዘግቶ መሥራት አይቻልም፣ ማራገቢያ ከፍቶ ደግሞ የ2 ማይክሮን ጥብጣብ መያዝ አይቻልም። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ጠዋት ቀዝቃዛ ናት፣ መስኮቱን ዘግተህ ትቀመጣለህ። የደንገጎን ዳገት መውጣቱ ለሥራውም ለሠራተኛውም ጥሩ ነበር።

የመጀመሪያው ሪበን፦ እዚህ ያለውን መጠቀም

የድሮው ሪበን ትንሽ ቁራጭ በማጥበቂያው ሥር ተርፋ ነበር። ስፋቷ 4.7 ሚሊ ሜትር፣ እጥፋቶቿም ይታያሉ። ከዚያች ቁራጭ ላይ ልኩን ወሰድን። የፎይሉ ምንጭ ግን ችግር ሆነ። የወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይል ከ10 ማይክሮን በላይ ነው፣ ለዚህ እንደ ቆርቆሮ ነው።

መምህሩ ቤት የሞተ ባለ ቫልቮላ ሬዲዮ ነበር። የእነዚያ ሬዲዮዎች የወረቀት ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ የሚያከማች ትንሽ ክፍል፣ ከኮንደንሰር ማይክ ጋር አይምታታ) ውስጥ ረጅም የተጠቀለለ ፎይል አለ፣ ከወጥ ቤቱ በጣም የሳሳ። ሰሙን በቤንዚን አጥበን አወጣነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፦ የፍሎረሰንት መብራትና የሞተር ትልልቅ ዘይት ያለባቸው የድሮ ኮንደንሰሮችን ለዚህ ብላችሁ አትክፈቱ። ውስጣቸው ፒሲቢ የሚባል መርዘኛ ዘይት ሊኖር ይችላል። የሬዲዮው ትንንሽ የሰም ዓይነት ሌላ ነው። ደግሞ አንዳንዶቹ ፎይሎች አሉሚኒየም ሳይሆኑ ቲን የሚባለው ብረት ናቸው፤ የስታኞ (የመበየጃ ብረት) ማቅለጫው ሲነካቸው ከቀለጡ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ውፍረቱን ለማወቅ ማይክሮሜትር አልነበረንም። ወርቅ ቤት ሄድን። 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ፎይል 0.65 ግራም መዘነ። አሉሚኒየም በኩብ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም ነው፤ 400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሰላ 6 ማይክሮን ይወጣል። ወርቅ ሠሪው ብርማ ወረቀት ይዘን በመምጣታችን ሳቀብን፣ ሒሳቡን ስንነግረው ግን ራሱ ደግሞ መዘነው።

ቆረጣው በመስታወት ላይ፣ በሁለት ስስ ወረቀት መካከል፣ በአዲስ ምላጭ፣ በአንድ ጊዜ ጉተታ ነው። ምላጩ ሁለት ጊዜ ከሄደ ጠርዙ ይቀደዳል። ማጨማተሩን ከተጣለ ፕሪንተር በወጡ ሁለት ተመሳሳይ የፕላስቲክ ማርሾች ሠራነው፣ ፎይሉ በወረቀቱ መካከል እንዳለ በማርሾቹ መሀል ያልፋል። ወረቀቱ ከሌለ ጥርሱ ይበሳዋል።

ከዚያ መግጠም። አሉሚኒየም በስታኞ አይያዝም፣ ስለዚህ ጫፎቹ በማጥበቂያ ይነከሳሉ። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ቶሎ የማያስተላልፍ ቆዳ ያበጃል፤ የድሮው ማጥበቂያም ደንዝዞ ነበር። በእርሳስ ላጲስ ፈተግነው፣ በአልኮል አጸዳነው። 0.2 ኦም ያለበት መንገድ ላይ ግማሽ ኦም መጥፎ ግንኙነት ቢጨመር የድምፁ ጉዳት ትንሽ አይደለም፣ ይህን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

ገጠምናት፣ ሰማናት። ድምፅ አላት፣ ለስላሳ፣ ጥሩ። ግን ደከም ያለች። በሚክሰሩ ማሳደጊያ ብዙ መክፈት ስላስፈለገ «ሽሽሽ» የሚለው ጫጫታ ከሰው ትንፋሽ በላይ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የጥብጣቡ ክብደት 3 እጥፍ ነው፣ ድምፅ የሚገፋው ያንኑ ያህል ነው፣ ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው ያነሰ ነው። ለሠርግ ይበቃ ነበር። ለዚክሪ ቀረጻ አይበቃም።

ሁለተኛው ሪበን፦ ትክክለኛው ፎይል

ውጭ አገር የምትኖር የመምህሩ ወንድም ልጅ አለች። ለሪበን ማይክ ተብሎ የሚሸጥ የ2 ማይክሮን ፎይል ገዝታ በመጽሐፍ ገጾች መካከል አድርጋ በመንገደኛ ላከች። ዋጋው ያን ጊዜ ከሐረር አዲስ አበባ የአውቶቡስ ቲኬት ብዙ አልራቀም። የድሬው ታይዋን ገበያ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ የሚሉ የድሬ ወዳጆቼ ያዝናሉ፣ ይሄ ግን የለም።

6 ማይክሮኑ ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር። ይህኛው በትንፋሽ ይነሳል። ስናወራ ፊታችንን እናዞራለን። መምህሩ አንዴ ሊስቁ ሲሉ ተነስተው በረንዳ ላይ ሄደው ስቀው ተመለሱ። የ6 ማይክሮኑ ልምምድ ግን ጠቀመን፤ እጃችን ማርሹንም ምላጩንም ለምዶት ነበር። ርካሹን እያባከኑ ተምሮ ውዱን መቁረጥ ጥሩ ቅደም ተከተል ነው።

ውጥረቱ ላይ ነው ብዙ የቆየነው። ከጠበቀ ወፍራም ድምፅ ይጠፋል፣ የሰው ድምፅ ደረት ያጣል። ከላላ ጥብጣቡ ይወዛወዛል፣ ማይኳ ስትጋደም ወደ አንድ በኩል ይንጠለጠላል፣ ጠርዙን ይነካል። ማይኳን ክፍት አድርገን ትልቅ ስፒከር ፊት አቆምናት። ከስፒከሩ ዝቅተኛ ቃና ቀስ በቀስ እያሳለፍን ጥብጣቡን በባትሪ ብርሃን ከጎን አየን። የራሱ ቃና ላይ ሲደርስ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ በዓይን ይታያል። መጀመሪያ ከ100 ኸርዝ በላይ ነበር፣ ጠብቋል ማለት ነው። አንዱን ማጥበቂያ አላልተን በትንሹ መለስነው። 40 አካባቢ ሲደርስ ተውነው። ከዚያ በታች መሄድ ይቻል ነበር፣ ግን ማይኳ ድሬና ሐረር መካከል በመኪና የምትጓዝ ናት፣ ለልብ የሚያሰጋ ልል ሪበን አልፈለግሁም።

በዚያው ስፒከር፣ በዚያው ርቀት፣ በዚያው የሚክሰር ልክ ሲነጻጸር አዲሱ ከ6 ማይክሮኑ 8 ዴሲቤል ገደማ ከፍ አለ። ጫጫታው ወደ ኋላ ሄደ።

ያልተሳካውና በከፊል የቀረው

ከመሸፈኛ ወንፊቱ ሥር አቧራና የአፍ ነፋስ የሚከላከል የሐር ጨርቅ ነበር፣ ሲነካ ዱቄት ሆነ። ምትክ ፍለጋ መኪና ግርግር ወደሚባለው የሐረር መንገድ ወጣን፣ ልብስ ሰፊዎቹ ጋ። የተለያየ ስስ ጨርቅ ቁራጭ ሰጡን። ፈተናው ቀላል ነው፦ ጨርቁን ስልኩ ስፒከር ፊት ይዞ ቀጭኑ ድምፅ መቀነስ አለመቀነሱን መስማት። የናይለን ስቶኪንግ ጥሩ መስሎን ገጠምነው፣ ሲወጠር ግን ወንፊቱ ላይ እየተንቀሳቀሰ ይንቀጠቀጣል። አወጣነው። በመጨረሻ የገባው አንድ ልብስ ሰፊ የሰጠን ስስ የሐር ሻሽ ቁራጭ ነው። ከፋብሪካው ትንሽ ይወፍራል፣ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ይወስዳል። መምህሩ አልተሰማቸውም። እኔን ይሰማኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ «ምምም» የሚል የመብራት ድምፅ ነው። ገመዱን አዲስ ሠርተን፣ ሁለቱን ሽቦ ከሽፋኑ ለይተን፣ የብረት አካሏን ከሽፋን ጋር አገናኝተን አብዛኛው ጠፋ። ግን የስልክ ቻርጀር ወይም የመብራት ትራንስፎርመር አጠገብ ካስቀመጧት አሁንም ይመጣል። ሪበን ማይክ እንዲህ ነው፣ ውስጡ ማግኔትና ትራንስፎርመር ያለው ነገር የሌላውን መስክ ያዳምጣል። ማራቅ እንጂ መድኃኒት የለውም። ማይኳን ባለችበት ማዞርም አንዳንዴ ይረዳል።

ቀረጻው

ሪበን ማይክ ከፊትና ከኋላ ይሰማል፣ ከሁለቱ ጎን አይሰማም ማለት ይቻላል። ይህ ጠባይ የሐረር ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደሚመች አላሰብኩም ነበር። የባህላዊው ቤት ዋና ክፍል ውስጥ ሰው የሚቀመጥበት ነደባ በከፍታና በዝቅታ በየጎኑ አለ። ማይኳን መሀል አቁመን ፊቷን ወደ አንደኛው ነደባ፣ ጀርባዋን ወደ ሌላው አደረግን፣ የማትሰማበትን ጎን ደግሞ ወደ በሩ። አንደኛው ወገን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሁለቱም ይሰማሉ። ከውጭ ባጃጅ ያልፋል፣ አይገባም።

ከረቡው፣ ከበሮው፣ ወደ ጎን ራቅ ብሎ ተቀመጠ። የከበሮ ንፋስ ቅርብ ከሆነ ሪበን ይጎዳል። ሰዎቹም ከማይኳ ክንድ ያህል ርቀው ነው የተቀመጡት። ሪበን ላይ በጣም ሲጠጉ ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል፣ የድሮ ዜና አንባቢዎች ያ የሚያስገመግም ድምፃቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለአንድ ሰው ጌጥ ነው፣ ለብዙ ሰው ግን ጭቃ።

ከዚህ ሥራ ለሌላው የሚሆን

ለሪበን ማይክ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም አሮጌ ዕቃ የሚሠራ ይመስለኛል፦ ገመዱን መጀመሪያ ለኩ። ዕቃው እንዴት እንደሞተ ካልታወቀ የተጠገነው በዚያው መንገድ ይሞታል። እኛ ያን ገመድ ሳናገኝ ሪበኑን ብቻ ቀይረን ብንመልስ ኖሮ ማይኳ በሚቀጥለው ሠርግ ትሞት ነበር።

የማይተካውን ከሚተካው መለየት ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው የሚያስፈልገው። እዚህ የማይተኩት ማግኔቱና ትራንስፎርመሩ ነበሩ፤ ስለዚህ ማግኔቱን አልፈታንም፣ ትራንስፎርመሩን በስልክ ቃና እንጂ በባትሪ ጅረት አልፈተንነውም። የማግኔቱ ብሎን ላይ የፋብሪካ ቀለም ያየ ሰው እጁን ይሰብስብ። ስለ ጽዳቱ ብዙ ብያለሁ፣ አልደግመውም፣ ብቻ ለደንበኛ ዋጋ ስትናገሩ የጽዳቱን ሰዓት አስቡት፣ ከመግጠሙ ይበልጣል።

በእጅ ባለ ዕቃ መጀመር አያሳፍርም። የኮንደንሰሩ ፎይል የመጨረሻው መልስ ባይሆንም ማይኳ ጤነኛ መሆኗን አረጋግጧል፣ ያለ እሱ ለውጭ ፎይል ገንዘብ ባልወጣም ነበር። በሌላ በኩል በአካባቢው ያለው ነገር የት ላይ እንደማይበቃ በቁጥር ማወቅ ጥሩ ነው፣ የወርቅ ቤት ሚዛንም ቢሆን ይበቃል።

ስለ ፋንተም፦ አዲስ ሚክሰር ያለው ሰው 48 ቮልቱን ዘግቶ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ነው ሪበን የሚሰካው። ፋንተሙን ራሳቸው ተቀብለው ወደ ማይኩ እንዳያልፍ የሚያግዱ፣ ድምፁንም የሚያሳድጉ ትንንሽ ማጉያዎች ውጭ አገር ይሸጣሉ፤ ሪበን ማይክ አዘውትሮ ለሚጠቀም ሰው ከውጭ ቢያስመጣ ያዋጣዋል።

አቀማመጧም ነገር አለው። ሪበን ማይክ ቆሞ ነው የሚቀመጠው፤ ከተጋደመ ጥብጣቡ በጊዜ ብዛት ይንጠለጠላል። የማጓጓዣ ሳጥን አናጺ ቤት አሠራንላት፣ ቆማ የምትገባበት፣ ክዳኑ ሲዘጋ አየር እንዳይመታት ቀዳዳ ያለው። በድንገት የሚዘጋ ጥብቅ ሳጥን ራሱ ሪበን ይመታል፣ ይህን ለአናጺው ማስረዳት ከሁሉም ከባድ ነበር። በሳጥኑ ክዳን ላይ መምህሩ በራሳቸው የሰሌዳ ጽሕፈት «48 ቮልት ክልክል ነው፤ በዚህ ገመድ ብቻ» ብለው ጽፈዋል። የድሮው ገመድም እዚያው አለ፣ ጃኩ ተቆርጦ።